«እራት» ከሚለው ቃል ሥር

አባቴ ኡላሃናን፣ በኮታያም ፖስታ ቤት፣
ደብዳቤ ሲለይ ኖሮ ሠላሳ አንድ ዓመት፣
ጡረታ የወጣ ዕለት «ምን እንስጥህ?» ቢሉት፣
«ያን መደርደሪያ» አለ። ሳቁና ሰጡት።
ምስጥ የቀመሰው ነው፣ የቲክ እንጨት ሥራ፣
ሁለት መቶ ዐሥር ዓይን፣ በረድፍ በተራ፣
እንደ ርግብ ጎጆ።
በበሬ ጋሪ መጣ፣ ዝናብ እየመታው፤
እናቴ በር ላይ ቆማ «የት ልታስገባው?»
አለች። አልጋ ወጣ፣ መደርደሪያው ገባ።
የእኔ አልጋ ነበረ።

እንዲህ ነበር ያለኝ፦
«ልጄ፣ ቃል ደብዳቤ ነው፤ የሚኖርበት አለው፤
መጽሐፉ ከተማው፣ ምዕራፉ መንገዱ፣ ቁጥሩ በሩ ነው።
ሰው ግን ቃሉን ይዞ መንደሩን ይረሳል፤
‹ስለ ጨው፣ አንድ ቦታ…› ይልና ይቆማል።
ለዚያ ሰው ነው ይሄ።»

የእኔ ሥራ መቀስ ነበር።
ከጎማ ነጋዴው፣ ካለፈው ዓመት ካላንደር፣
ጀርባው ነጭ ከሆነው፣ ካርድ እቆርጣለሁ፤
እሱ ቃሉን በቀይ፣ አድራሻውን በጥቁር ሲጽፍ፣ እኔ አደርቃለሁ።
ጨው፣ ጀልባ፣ ጉልበት፣ ጠጠር፣
መርፌ፣ ምራቅ፣ ማሰሮ፣ ሥር፣
በፊደል ተራ ገቡ። «ውሃ» ሦስት ጎጆ ሞልቶ ፈሰሰ፤
«ልብ» መሳቢያ አስገዛን። «እና»ን ግን ተወው፤
«እሱን የቆጠረ» አለ፣ «ዕድሜውን ጨረሰ።»

በክረምት፣ የሚናቺል ወንዝ ደጃችን ሲደርስ፣
ካርዱ ሁሉ ሲያብጥ፣ «ትቢያ» ከ«ትዕግሥት» ጋር ተጣብቆ ሲርስ፣
በሻይ ማንኪያ ጫፍ ቀስ ብሎ ያላቅቃል።
እናቴ፣ ከማድቤት፦ «ሰው እንዴት የገዛ እራቱን ይረሳል?»
ኩርፊያ ግን አታውቅም። ሩዙን ከድና፣
ፋኖሱን ዝቅ አድርጋ፣ ትጠብቀውና፣
እኩለ ሌሊት ላይ ሲመጣ አንገቱን ሰብሮ፣
«ብላ» ትለዋለች፤ «ቃሉ ነግሮን የለ፣ ድሮ፦
‹የዘገየ ሰው እራት አይበርድም።›»
ይበላል። ሁልጊዜም በርዶ ነበር።

አቻማ ባረፈች በሁለተኛው ዓመት፣
የመጨረሻው ካርድ ገባ፣ በአንድ ሌሊት።
አባቴ እጁን ታጠበ፤ ማውጫውን ሊፈትን አሰበ፤
«የእናትሽን ጥቅስ» አለኝ፣ ጣቱ እየተርገበገበ።
«እራት» ሥር ፈለግን፣ ካርድ በካርድ፤ የለም።
«መዘግየት» ሥር ሄድን፤ እዚያም አልታየም።
«ብርድ» ሥር ነበሩ፦ ካባ፣ ውርጭ፣ እሳት፤
ያቺን ዓረፍተ ነገር ግን አንዱም አያውቃት።

ከራሷ ነበረ።

በፖስታ ቤት ሕግ አድራሻ የሌለው፣
ታችኛው ግራ ጥግ፣ «ሙት» ከሚባለው
ጎጆ ነው የሚጣል። እሱ ግን ካርድ ጠየቀኝ፤
በቀይ «እራት» ጻፈ፤ በጥቁር (ገረመኝ)
የቤታችንን ቁጥር።
አላለቀሰም። ከ«እርሻ» በፊት፣ በተራው ከተተው።

ቄስ ኢቲራ፣ ዓይናቸው የደከመ፣
ለሠርግ፣ ለቀብር፣ ለታመመ፣
ቃል ሲያጡ ልጅ ይልካሉ፤ «ጀልባ ያለበትን!» «ስለ ዘይት ስጡኝ!»
አንድ ቅዳሜ ማታ ልጁ መጣ፦ «‹እራት› አሉኝ።»
እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ በላስቲክ የታሰረውን፣ ሙሉውን፣
ሳላይ፣ ሳልቆጥር፣ ከነእሷው፣ ሁሉን።

እሑድ፣ በመቅደሱ ፊት፣ መነጽር አጥልቀው፣
ካርዷን ወደ መብራቱ ቅርብ አድርገው ይዘው፣
«የዘገየ ሰው እራት አይበርድም» አሉ።
ምእመኑ አላመነታም፤ «አሜን» አሉ ሁሉ።
ከወንዶቹ በኩል አባቴን ፈለግኩት፤
የሸሚዙን ቁልፎች ይቆጥር ነበር፣ በጣት።

ሰኞ ልጁ ካርዱን መለሰ። ቆጠርን። አንድ ጎደለ።
«ልሂድ፣ ላምጣው?» ስለው፣ «ተይው፣ ደርሷል» አለ።
ከዚያ «ጨው»ን አወጣ፤ አንዱ ምዕራፍ ተሳስቷል፤
«አሥራ ስምንት ዓመት እንዲህ ሆኖ!» አለ። እስኪመሽ ተናዷል።